ሌላው ጫፍ ላይ ማን አለ?

አሜሪካ ይኖሩ ስለነበሩት ስሎቫክ ቄስ፣ ስለ አባ ዮዜፍ ሙርጋሽ፣ የተጻፈ ነገር ፈልጎ የሚያነብ ሰው ቀድሞ የሚያገኘው ቁጭት ነው። የሬዲዮ እውነተኛ አባት፣ ዓለም የረሳቸው ሊቅ፣ ክብራቸውን ጣሊያናዊው የሬዲዮ ፈር ቀዳጅ ማርኮኒ የወሰደባቸው ቄስ የሚሉ ዓይነት አርእስቶች ይበዛሉ። ቁጭቱ ይገባኛል። ትንሽ ሕዝብ አንድ ትልቅ ሰው ሲያገኝ ከሁሉ በላይ ካላስቀመጠው አይረካም፤ ይህ እኛም ቤት እንግዳ ነገር አይደለም። እውነቱ ግን አባ ሙርጋሽ ሬዲዮን አልፈጠሩም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፓተንቶች፣ ማለትም የፈጠራ መብት ማረጋገጫዎች፣ የአሜሪካ መንግሥት የሰጣቸው ሜይ 10 ቀን 1904 ነው (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ማርኮኒ አትላንቲክን የተሻገረ ምልክት ተቀበልኩ ያለው ደግሞ በዲሴምበር 1901 ነው። እኚህን ሰው ትልቅ ለማድረግ የሌላ ሰው ዘውድ መዋስ አያስፈልግም። የሠሩት ሥራ ከዚያ ያነሰ ነው፤ ታሪካቸው ግን ከዚያ ይበልጣል።

በጭነት መኪና የሚተዳደር ሰው ነኝ። በቨርጂኒያ በኩል ወደ ሰሜን በሚወጣው በ81 አውራ ጎዳና ሎድ ይዤ እመላለሳለሁ። ሰሜን ምሥራቅ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሄዝልተንን፣ ዊልክስ ባሪንና ስክራንተንን ተራ በተራ እያለፉ የሚሄዱበት መንገድ ነው። ዛሬ አካባቢውን የሞላው ግዙፍ መጋዘን ነው፤ እኔም የምሄደው ወደዚያ ነው። ድሮ ግን የከሰል አገር ነበር። ከመጋዘኖቹ ጀርባ እስካሁን ጥቁር ኮረብታ የሚመስል ነገር ይታያል፤ ከማዕድን የወጣ ውዳቂ አፈርና ከሰል ነው። አንድ ጊዜ ዕቃ እስኪያወርዱልኝ ስጠብቅ የአካባቢውን ታሪክ ስልኬ ላይ ሳነብ ነው ይህን የቄስ ስም ያገኘሁት። ከዚያ በኋላ በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ስለሳቸው አስባለሁ።

ሙርጋሽ ፌብሩዋሪ 17 ቀን 1864 ታዮቭ በምትባል መንደር ተወለዱ። ታዮቭ የጥንት የመዳብ ከተማ ከሆነችው ከባንስካ ቢስትሪትሳ አጠገብ ናት። ቦታው ዛሬ ስሎቫኪያ ውስጥ ነው፤ ያኔ ግን ስሎቫኮች ቋንቋ ነበራቸው እንጂ መንግሥት አልነበራቸውም። አገሩ በሀንጋሪ ዘውድ ሥር ነበር። በተለይ ከ1867 በኋላ የቡዳፔስት መንግሥት ሥልጣኑን አጥብቆ ሲይዝ፣ ሁሉም ሰው ሀንጋሪኛ ተናጋሪ ሀንጋሪ እንዲሆን የሚገፋ ፖሊሲ መጣ። በስሎቫክኛ ያስተምሩ የነበሩት ሦስቱ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በ1874 እና በ1875 ተዘጉ። ማቲጻ ስሎቬንስካ የሚባለው የባህል ማኅበራቸውም በ1875 ተዘጋ፤ ሙርጋሽ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ናቸው። መማር ለሚፈልግ የገበሬ ልጅ የቀረው ሰፊ በር ክህነት ነበር። እሳቸውም በዚያ ገቡ፤ በ1888 ቅስና ተቀበሉ።

ቅስናው ብቻውን አልበቃቸውም። እጃቸው ሥዕል ላይ ነበር። ባንስካ ቢስትሪትሳ ይኖር የነበረው ሠዓሊ ዶሚኒክ ስኩቴትስኪ ተሰጥኦአቸውን አይቶ አበረታታቸው፤ ከዚያም ቡዳፔስትና ሙኒክ ሄደው ሥዕል ተማሩ። ሙኒክ ያኔ ለመካከለኛው አውሮፓ ሠዓሊ ትልቋ ከተማ ነበረች። ትምህርቱ ግን እንዳሰቡት አልተጠናቀቀም። ስሎቫክነታቸውን የማይደብቁ ሰው ስለነበሩ ከበላዮቻቸው ጋር ተጋጩ። በዚያን ጊዜ እንዲህ ባለ ሰው ላይ የሚለጠፍ ዝግጁ ታርጋ ነበር፤ ፓንስላቭ ይባላል፤ አገር ሊያስገነጥል የሚያሴር እንደማለት ነው። ከሙኒክ ተመልሰው ከአንዱ ደብር ወደ ሌላው ሲዛወሩ ቆዩ። አንዱ ቦታ ሥር ሳይሰዱ ወደ ሌላው። ይህን ዓይነቱን ዝውውር መንግሥት ሠራተኛ የነበረ አንባቢ ያውቀዋል፤ ቅጣት ነው ተብሎ አይጻፍም፣ ግን ቅጣት ነው።

በ1896 አገር ለቀው ወጡ። እኛ ዓድዋ ላይ በተዋጋንበት ዓመት እሳቸው ወደ ፔንሲልቬኒያ በመርከብ ተጓዙ ማለት ነው። የስክራንተን ሀገረ ስብከት ዊልክስ ባሪ ከተማ ወዳለው የስሎቫኮች ደብር፣ ወደ ቅዱስ ልብ ቤተ ክርስቲያን መደባቸው። እስኪሞቱ ድረስ የዚያ ደብር አስተዳዳሪ ሆነው ቆዩ።

ዊልክስ ባሪ የሰስኩዌሃና ወንዝ በሚያቋርጠው ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። ከሥሯ የነበረው አንትራሳይት የሚባለው ጠንካራው የከሰል ዓይነት ነው፤ ጭሱ ትንሽ፣ ሙቀቱ ብዙ ስለሆነ የምሥራቅ አሜሪካ ከተሞች ቤታቸውን የሚያሞቁት በሱ ነበር። ቆፋሪው ከምሥራቅና ከመካከለኛው አውሮፓ የመጣው ስደተኛ ነው፤ ስሎቫክ፣ ፖላንዳዊ፣ ሊቱዌኒያዊ። አባ ሙርጋሽ በደረሱ በዓመቱ፣ ሴፕቴምበር 10 ቀን 1897፣ በዚያው በሉዘርን ካውንቲ ላቲመር በሚባል ቦታ መሣሪያ ያልያዙ አድማ መቺዎች ባንዲራ ይዘው ሲሄዱ የካውንቲው ሸሪፍና ረዳቶቹ ተኮሱባቸው። 19 ሰው ሞተ። ተኳሾቹ ፍርድ ቤት ቀርበው በነፃ ተለቀቁ። ከአሥር ዓመት በኋላ ደግሞ እዚያው በአገራቸው፣ ቸርኖቫ በምትባል መንደር፣ ሰዎች የወደዱት ቄስ ቤተ ክርስቲያናቸውን ይባርክልን ብለው ስለተቆጡ ጀንዳርም የሚባሉት የመንግሥት ታጣቂ ፖሊሶች ተኩሰው 15 ሰው ገደሉ። ያ ትውልድ እዚያም እዚህም በጥይት ነው የተቀበለው።

በእንዲህ ያለ ቦታ ቄስ መሆን ማለት ቅዳሴ ቀድሶ ወደ ቤት መግባት አይደለም። ደብዳቤ የሚያነበው እሱ ነው፤ ከሐኪም ጋር፣ ከዳኛ ጋር የሚያስተረጉመው እሱ ነው፤ ማዕድን ተደርምሶ ባሏ የሞተባትን ሴት በር የሚያንኳኳው እሱ ነው። ይህን ሳነብ አሜሪካ ያሉት የእኛ ቀሳውስት ትዝ አሉኝ። ሌሊቱን ሥራ አድረው ጠዋት ለቅዳሴ የሚደርሱ፣ በእረፍት ቀናቸው የኢሚግሬሽን ቀጠሮ ይዘው ከሰው ጋር የሚዞሩ አሉ። ከነዚህ አንዱ ከቤቱ ምድር ቤት ገብቶ የኤሌክትሪክ ላቦራቶሪ ቢያቋቁም ምእመኑ ምን ይል ነበር? እኛ ዘንድ ጉባኤ ተጠርቶ የሚወራ ይመስለኛል።

አባ ሙርጋሽ ግን አቋቋሙ። አሜሪካ ሲደርሱ ለሥዕላቸው ቦታ አልነበረም፤ የከሰል ቆፋሪ የሚያዝዘው የቁም ሥዕል የለም። ከልጅነታቸው የሚወዱት ሌላ ነገር ነበር፣ ኤሌክትሪክ። በቄሱ መኖሪያ ቤት ውስጥ ላቦራቶሪ አዘጋጅተው ገመድ አልባ ቴሌግራፍ ላይ ሥራ ጀመሩ። በ1900 አሜሪካ ላሉት ሳይሆን አገር ቤት ላሉት ስሎቫኮች በሚታተም መድበል ላይ ስለ ጉዳዩ ጽሑፍ አወጡ። ስሎቫክኛ ገበያና ጸሎት ቤት ብቻ የሚነገር ቋንቋ ነው በሚባልበት ዘመን፣ አንድ ቄስ በዚያ ቋንቋ ስለ ኤሌክትሪክ ሞገድ መጻፉ እንዲሁ የሚታለፍ ነገር አይመስለኝም።

አሁን ወደ ሥራው። የዚያ ዘመን ማሰራጫ የሚሠራው በብልጭታ ነው። ኤሌክትሪክ በካፓሲተር ውስጥ ይጠራቀምና ሲሞላ በሁለት ብረቶች መካከል ባለው ክፍተት ዘሎ ያልፋል፤ ያ ብልጭታ በአንቴናው በኩል ሞገድ ይልካል። በሌላ ጫፍ ያለው ሰው ጆሮው ላይ የስልክ ማዳመጫ አድርጎ ይሰማል። ብልጭታው በአንድ ሴኮንድ ውስጥ ጥቂት ጊዜ ብቻ የሚዘል ከሆነ የሚሰማው ወፍራም ጉርምርምታ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከዘለለ ደግሞ ቀጭን የፉጨት ድምፅ። ሌሎቹ ይህን እንደ ጠባይ ተቀብለው፣ መልእክቱን በሞርስ ይልኩ ነበር፤ አጭር ድምፅ ነጥብ፣ ረጅም ድምፅ ሰረዝ። አባ ሙርጋሽ ያደረጉት ቀላል የሚመስል ነገር ነው። ሁለት ዓይነት ብልጭታ አዘጋጁ። አንዱ ቃና ነጥብ፣ ሌላው ቃና ሰረዝ ሆነ። ሁለቱም አጭር ናቸው።

ትርፉ ጊዜ ነው። በሞርስ ሰረዝ የነጥብን ሦስት እጥፍ ይረዝማል፤ በአንድ ፊደል ውስጥ ባሉት ምልክቶች መካከል ደግሞ የአንድ ነጥብ ያህል ዝምታ አለ። የሳቸውን ስም የመጀመሪያ ፊደል እንውሰድ። በላቲኑ ጄ ነው፣ አንድ ነጥብና ሦስት ሰረዝ። በሞርስ ሲቆጠር 13 የነጥብ ርዝመት ይፈጃል። በቃና ግን 7 ይበቃዋል። ኤም ሁለት ሰረዝ ነው፤ 7 የነበረው 3 ይሆናል። ሰረዝ የሌለበት ፊደል ምንም አያተርፍም፤ ሰረዝ የበዛበት በግማሽ ያጥራል። የቴሌግራፍ ኩባንያ የሚያስከፍለው በቃል ስለሆነ፣ ፍጥነት ማለት ገንዘብ ማለት ነበር።

ይህን ለአጎቴ ነገርኳቸው። ጋሼ በወጣትነታቸው በጦር ሠራዊቱ መገናኛ ውስጥ የሞርስ ኦፕሬተር ነበሩ፤ አሁን ሜሪላንድ ከልጆቻቸው ጋር ነው የሚኖሩት። እሁድ ቡና ላይ ነበርን። የቄሱን ዘዴ ስነግራቸው መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ማንኪያውን አነሱና የውሃውን ብርጭቆ መቱ፤ ቀጥለው ጠረጴዛውን በጣታቸው አንጓ መቱ። «አንዱ ይኸ፣ አንዱ ይኸ ነው ያልከኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

ጄን መቱ። ብርጭቆ፣ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛ። ደገሙት፣ ፈጠን አድርገው። ከዚያ ሌላ ፊደል፣ ሌላ ፊደል። እኔ መከታተል ቢያቅተኝም ስማቸውን እየጻፉ እንደነበር በኋላ ነገሩኝ። ሚስታቸው ከጓዳ ሆነው «ኧረ ብርጭቆው!» እስኪሉ ድረስ ቀጠሉ።

«ይፈጥናል» አሉ። «ውሸት የለበትም። ግን ሁለት ነገር ጠይቅልኝ። ነጎድጓድ ባለበት ቀን ማዳመጫው ውስጥ ያለው ኩርኩርታ ሌላ ነው፤ ድምፁ ደካማ ሲሆን ርዝመቱን ትለያለህ፣ ቀጭንና ወፍራሙን ግን እንዴት ትለያለህ? ደግሞ ሁለተኛው፤ ሌላው ጫፍ ላይ ማን አለ?»

«እንዴት ማለት?»

«እኔ የተማርኩት ሞርስ ነው። ጎዴ ያለው ሞርስ ነው የተማረው። መርከብ ላይ ያለውም ሞርስ ነው። እኚህ ቄስ በሁለት ቃና ቢልኩልኝ ፉጨት ነው ብዬ አልፈዋለሁ።»

የመጀመሪያው ጥያቄ የቴክኒክ ነው፤ በሁለቱም በኩል መከራከር ይቻላል፣ ምክንያቱም ጥርት ያለ ቃና ከተፈጥሮ ኩርኩርታ ውስጥ ተለይቶ የሚወጣበትም ጊዜ አለ። ሁለተኛው ግን ነገሩን ቆረጠው። የፈጠራ ታሪክ ጸሐፊዎች በገጾች ያልነገሩኝን ጋሼ በአንድ አረፍተ ነገር ነገሩኝ። በ1906 በርሊን ላይ የዓለም መንግሥታት ተሰብስበው ስለ ገመድ አልባ ቴሌግራፍ የመጀመሪያውን ትልቅ ስምምነት ሲፈርሙ፣ ኤስ ኦ ኤስን የአደጋ ጥሪ ያደረገው ያው ስምምነት ነው፣ የጋራ ፊደላቸው ሞርስ ሆኖ ጸደቀ። መርከቦች፣ ጣቢያዎች፣ የኦፕሬተር ማሠልጠኛዎች ሁሉ በዚያ ተተከሉ። ፈጣን መሆን ብቻውን ምን ይረባል፤ ብቻህን ከሆንክ የምታወራው ከማን ጋር ነው?

ያም ሆኖ ሥራው በወረቀት አልቀረም። በሁለቱ ፓተንቶች ላይ ተመሥርቶ ዩኒቨርሳል ኤተር ቴሌግራፍ የሚባል ኩባንያ ተቋቋመ፤ ዊልክስ ባሪ ላይ ረጃጅም የአንቴና ምሰሶዎች ቆሙ። በ1905 መጸው ለሕዝብ ሙከራ ተደረገ። ከዊልክስ ባሪ ወደ ስክራንተን፣ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ። የከተሞቹ ከንቲባዎች መልእክት ተለዋወጡ፤ ጋዜጦች ጻፉ። እኔ ያንን ርቀት ትራፊክ ከሌለ ዘፈን ሁለት ሦስት ሰምቼ እጨርሰዋለሁ። መንገዱ ግን ሜዳ አይደለም፤ ኮረብታ ነው፣ ሸለቆ ነው፣ በከሰል የተሞላ መሬት ነው። ሞገድ ባሕር ላይ እንደሚሄደው እዚያ አይሄድም። ማርኮኒ ከባሕር ዳር ወደ ባሕር ሲልክ፣ እኚህ ሰው የመረጡት ለሬዲዮ የሚያስቸግረውን ምድር ነው። መረጡት ከማለት፣ የተመደቡት እዚያ ነው ማለቱ ይሻላል።

ኩባንያው ሦስት ዓመት ገደማ ቆይቶ ፈረሰ። ከባለአክሲዮኖቹ የሞቱ ነበሩ፤ ማዕበል ምሰሶዎቹን ጎዳ፤ ገንዘቡ ተመናመነ። ከኋላው ትልቅ ባለሀብት የሌለው ነገር እንዲህ ነው የሚያልቀው። ማርኮኒ ከኋላው የለንደን ገንዘብና የመርከብ ኩባንያዎች ነበሩት፤ አባ ሙርጋሽ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የቀብርና የጥምቀት ሥርዓት ነበረባቸው። ተነጠቁ የሚለውን ታሪክ የማልወደው ለዚህ ነው። ሌባ ፍለጋ ስንሄድ እውነተኛውን ምክንያት እናልፈዋለን፤ እሳቸው ሬዲዮን በትርፍ ሰዓታቸው ነው የሠሩት።

በነገራችን ላይ በዚያው በ1904 በአሜሪካ የገመድ አልባ ፓተንት ያገኘ ሌላ ካቶሊክ ቄስ ነበር፤ ብራዚላዊው ሮቤርቶ ላንዴል ዴ ሞውራ። ሁለት ቄሶች፣ በአንድ ዓመት፣ ከሁለት የዓለም ዳር። ለምን ቄሶች? ሂሳብና ፊዚክስ በሴሚናሪ ተምረዋል፣ የራሳቸው ክፍል አላቸው፣ ሚስትና ልጅ የሚጠይቃቸው የለም። ሌላ ምሥጢር ያለው አይመስለኝም።

አባ ሙርጋሽ ከኩባንያው ውድቀት በኋላም አልተዉም። እስከ 1916 ድረስ ሌሎች ፓተንቶች አገኙ፤ የሞገድ መለኪያ፣ ማግኔታዊ ተቀባይ፣ ትራንስፎርመር፣ መሬት ውስጥ የሚቀበር አንቴና። ይኸኛው በተለይ ደስ ይለኛል። ምእመናናቸው በሙሉ ከመሬት በታች የሚውሉ ሰው አንቴናቸውን መሬት ውስጥ ለመቅበር ማሰባቸው የሚገርም አይደለም። ከፓተንቶቹ መካከል የዓሣ ማጥመጃ ዘንግ ላይ የሚገጠም የገመድ መጠቅለያም አለ። ዓሣ ማጥመድ ይወዱ ነበር። ቢራቢሮ ይሰበስቡ ነበር፤ እንጉዳይና ዕፅ፣ ማዕድንም ይሰበስቡ ነበር። ሥዕሉንም ጨርሰው አልተዉትም፤ ለቤተ ክርስቲያናቸው ሣሉ።

በሁለት ቃና አንድን ምልክት ከሌላው መለየት የሚለው ሐሳብ ሞቶ አልቀረም። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የአሜሪካው ቤል ኩባንያ ኮምፒውተሮችን በስልክ መስመር ያገናኘበት ሞደም ዜሮን በአንድ ቃና፣ አንድን በሌላ ቃና ነበር የሚልከው። አዲስ አበባ ኢንተርኔት ቤት ውስጥ በዳያል አፕ ኢሜይል ለመክፈት ወረፋ የጠበቀ ሰው ያንን ፉጨት ያስታውሰዋል። ሞደሙ የሳቸው ልጅ ነው አልልም፤ የዘር ሐረግ የለውም። ሌሎች ሰዎች በሌላ መንገድ ተጉዘው እዚያው ደረሱ። ልዩነቱ ሞደም በሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት ማሽን ነበረው፤ ጋሼ የጠየቁት ጥያቄ መልስ አገኘ ማለት ነው።

በኤፕሪል 1917 አሜሪካ ጦርነት ስትገባ የግል የሬዲዮ ጣቢያዎች ሁሉ እንዲዘጉ ታዘዘ። የአባ ሙርጋሽም ሥራ እዚያ ላይ ቆመ። ሥዕሉን ፖለቲካ ዘጋባቸው፣ ሬዲዮውን ጦርነት። ሰውዬው ግን ባዶ እጃቸውን የሚቀመጡ አይደሉም። አሜሪካ ካለው ስሎቫክ ለአገር ነፃነት ገንዘብ በማሰባሰብ ሥራ ውስጥ ገቡ። በሜይ 1918፣ በኋላ የቼኮስሎቫኪያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት የሆነው ማሳሪክ ፒትስበርግ መጥቶ ከአሜሪካ ስሎቫኮችና ቼኮች ጋር ሲስማማ፣ ከፈራሚዎቹ አንዱ አባ ሙርጋሽ ናቸው። ስምምነቱ በሚመሠረተው የጋራ አገር ውስጥ ስሎቫኪያ የራሷ አስተዳደር፣ የራሷ ምክር ቤትና የራሷ ፍርድ ቤት እንዲኖራት ይላል። በቀጣዮቹ ሃያ ዓመታት የፕራግ መንግሥትና የስሎቫኮች ጠብ በአብዛኛው በዚያ ወረቀት ላይ ነበር፤ ተፈጸመ፣ አልተፈጸመም እያሉ።

ከዚያ ነው እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚነካኝ ነገር የመጣው። በ1920 አባ ሙርጋሽ አገራቸው ገቡ። በስማቸው የተፈረመበት አገር ተመሥርቷል፤ ቋንቋቸው የትምህርት ቋንቋ ሆኗል፤ ቡዳፔስት የለችም። ዕድሜያቸው 56 ነው። የሚፈልጉት ትልቅ ነገር አልነበረም፣ ኤሌክትሮ ቴክኒክ ማስተማር። ፕራግ ያለው የትምህርት ሚኒስቴር ግን የመምህርነት ዕውቅና አልሰጣቸውም። ወረቀቱ አልተሟላም። የአሜሪካ ፓተንቶች ያሏቸው፣ ከተማ ለከተማ መልእክት ያሻገሩ ሰው፣ ለሚያስተምሩት ትምህርት ተገቢው የመምህርነት ማስረጃ የላቸውም። ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ዊልክስ ባሪ ተመለሱ።

ይህን ስጽፍ ስንቱ ሰው ፊቴ ላይ መጣ። እዚህ ዲግሪው ተቀባይነት አጥቶ የመኪና ማቆሚያ የሚጠብቀው መሐንዲስ የታወቀ ነው፤ ስለሱ ብዙ ተብሏል። ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ አይወራም፤ ሃያ ዓመት ውጭ ሠርቶ፣ ሻንጣውን ሸክፎ አገር ቤት ገብቶ፣ ከአንድ መሥሪያ ቤት ወደ ሌላው «አቻ ግምት አምጣ» እየተባለ ተመላልሶ የተመለሰው። የመጀመሪያውን ስደት ሰው ይታገሠዋል፤ ባዕድ አገር ነው፣ ባያውቁኝ አይፈረድባቸውም ይላል። ሁለተኛው ግን የሚወቀስ ባዕድ የለውም። አባ ሙርጋሽ ከ1896ቱ ጉዞ ይልቅ የ1920ው የመልስ ጉዞ ይበልጥ የከበዳቸው ይመስለኛል፤ ግምት ነው፣ ግን ከግምት በላይ እንደሆነ የሚሰማኝ ጊዜ አለ።

የሚኒስቴሩን ጸሐፊ ደግሞ ጨርሼ መርገም አልችልም። አዲስ መንግሥት ነው፤ ከሀንጋሪኛ ወደ ስሎቫክኛ በአንድ ጊዜ የተገለበጠ የትምህርት ሥርዓት ይዟል፤ መምህር ነኝ የሚል ሁሉ በር ላይ ተሰልፏል። ደንብ ያስፈልገዋል። ደንቡ ግን እንዲህ ያለ ሰው የሚያልፍበት ቀዳዳ አልነበረውም፤ ለመቅደድ የደፈረም አልተገኘም።

ዊልክስ ባሪ ሁሉን ነገር ነበረው። ከእሳቸው ዘመን ጋር የሚቆጠረው የደብሩ ሥራ ዝርዝር ከፓተንቶቹ አይተናነስም፤ ቤተ ክርስቲያን፣ ትምህርት ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት፣ የመቃብር ቦታ፣ ጂምናዚየም፣ ለልጆች መጫወቻና መዋኛ። የከሰል ቆፋሪ ልጅ መዋኛ! ሜይ 11 ቀን 1929 አረፉ፤ የመጀመሪያዎቹን ፓተንቶች ካገኙ ልክ 25 ዓመት ከአንድ ቀን በኋላ። የሸለቆው ከሰልም ብዙ አልቆየም፤ በጃንዩዋሪ 1959 የሰስኩዌሃና ወንዝ ኖክስ የሚባለው ማዕድን ውስጥ ሰብሮ ገብቶ 12 ሰው ሲገድል የጥልቅ ቁፋሮው ዘመን በዚያ አካባቢ አበቃ።

ስማቸው ግን በተለያየ ቦታ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተሠሩት ሊበርቲ ከሚባሉት የአሜሪካ የጭነት መርከቦች አንዱ በስማቸው ተሰየመ። ባንስካ ቢስትሪትሳ ውስጥ አንድ የቴክኒክ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በስማቸው ይጠራል፤ ዛሬ ልጆች እዚያ የሚማሩት እሳቸው እንዳያስተምሩ የተከለከሉትን ነው። ዊልክስ ባሪ ውስጥ ደግሞ የሙርጋሽ አማተር ሬዲዮ ክለብ አለ፤ መለያ ጥሪው ኬ 3 ዋይ ቲ ኤል ነው።

ስለ ክለቡ ለጋሼ ስነግራቸው ዓይናቸው በራ። ሁለቱን ቃና ከአባላቱ መካከል በዘመኑ መሣሪያ ሠርቶ የሞከረ ሰው አለ ወይ ብለን እንድንጠይቅ ይፈልጋሉ። እንግሊዝኛውን እኔ ልጽፍ ተስማምተናል፤ ረቂቁ አልቋል። እሳቸው መጨረሻው ላይ የነጎድጓዱን ጥያቄ አስጨምረውኛል፤ መልስ ካላገኘ ራሳቸው ይዘውኝ እንደሚሄዱ ደግሞ አስጠንቅቀውኛል።